ሲልቪያ ፓንክረስትና የወዛደሩ ደመወዝ ጥያቄ

የዋጋ ንረት እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ፣ ድኻውንም ባለጸጋውንም እኩል የሚያበሰብስ የተፈጥሮ ክስተት እንደሆነ ተደርጎ ለሰፊው ሕዝብ ሲነገር መኖሩ የታወቀ ነው። አባባሉ ሐሰት ነው። ሸቀጥ በመጋዘን ያከማቸ ነጋዴ ዋጋ ሲንር ሀብቱም አብሮ ይንራል፤ የሚያከራይ ቤት ያለው ኪራዩን ይጨምራል፤ ከጉልበቱ በቀር የሚሸጠው የሌለው ወዛደር ግን የጉልበቱን ዋጋ የሚተምነው እርሱ ራሱ ሳይሆን አሠሪው በመሆኑ፣ ወር ሲደርስ የሚቀበለው ብር ቁጥሩ ሳይለወጥ ጤፉ፣ ዘይቱና ከሰሉ ከእጁ ይርቁታል። በመርካቶ እህል በረንዳ ቀኑን ሙሉ ኩንታል ሲሸከም የሚውል ሠራተኛ ማታ የተሸከመውን ጤፍ በኪሎ ለመግዛት ሲያቅተው ነገሩን ለመረዳት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም።

ይህን ጥያቄ የካፒታሊዝም መፈልፈያ በሆነችው በእንግሊዝ አገር አንሥተው ስለታገሉ፣ ስለትግላቸውም በየተራ ከእናታቸው ድርጅትም ከገዛ ፓርቲያቸውም ስለተባረሩ አንዲት ሴት መጻፍ የፈለግነው ያለ ምክንያት አይደለም። መቃብራቸው እዚሁ በከተማችን፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ የአርበኞች አጽም ባረፈበት ሥፍራ ይገኛል። ሕዝባችን የሚያውቃቸው በፋሺስት ወረራ ዘመን የኢትዮጵያ ወዳጅ በመሆናቸው ነው። ከዚያ በፊት ስለዳቦ ዋጋና ስለሴት ሠራተኛ ደመወዝ ያደረጉት ትግል ግን በአገራችን እምብዛም አልተነገረም። (በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝ ነገር በሚነሣበት ሁሉ ዓመቱ የተጠቀሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ሲልቪያ ፓንክረስት በ1882 በማንቸስተር ተወለዱ። ማንቸስተር የጥጥ ፋብሪካዎች ከተማ ናት፤ ፍሬድሪክ ኤንግልስ የእንግሊዝን ወዛደር ኑሮ ያጠናባትና ኋላም ለረጅም ዓመታት የኖረባት ይህችው ከተማ ነበረች። አባታቸው ዶክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ተራማጅ አስተሳሰብ የነበራቸው የሕግ ባለሙያ ሲሆኑ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በማዕድን ጉድጓድ የሠራውና በ1893 ነፃ የሠራተኛ ፓርቲን ከመሠረቱት ዋነኛው የነበረው ኪር ሃርዲ የቤታቸው እንግዳ ነበር። አባት በ1898 ሞቱ። በ1903 እናታቸው ኤምሊን በዚያው በማንቸስተር በመኖሪያ ቤታቸው የሴቶች ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኅብረት የተሰኘውን፣ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ የሚታገለውን ድርጅት መሠረቱ። ሲልቪያ የሥነ ሥዕል ተማሪ ነበሩ፤ በለንደን የንጉሣዊ ሥነ ጥበብ ኮሌጅ የነፃ ትምህርት ዕድል ያገኙ፣ የድርጅቱንም ዓርማና ሰንደቅ የሳሉ ናቸው።

በ1907 ሥዕል መሣያቸውን ይዘው በሰሜን እንግሊዝና በስኮትላንድ የኢንዱስትሪ አውራጃዎች ተዘዋወሩ። ክራድሊ ሂዝ በተባለው ሥፍራ ሴቶች በእሳት ዳር ቆመው ሰንሰለት ሲቀጠቅጡ፣ በሸክላ ፋብሪካዎች ሲሠሩ፣ በግላስጎው የጥጥ ፈትል ሲያዞሩ፣ በስካርብሮ ወደብ ዓሣ ሲያጸዱ እየተመለከቱ ሳሉ፤ ስለሚያገኙትም ደመወዝ ጻፉ። ያገኙት እውነት በሁሉም ሥፍራ አንድ ነበር፤ ይኸውም ሴቲቱ ከወንዱ ባልተናነሰ ትደክማለች፣ የሚከፈላት ግን ከእርሱ እጅግ ያነሰ ነው። ከዚህ ጉዞ በኋላ የሴት ጥያቄ ከመደብ ጥያቄ ተነጥሎ ሊታያቸው አልቻለም።

የእናታቸው ድርጅት የሄደበት መንገድ ግን ሌላ ነበር። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ወንዱም ቢሆን የሚመርጠው በቤትና በንብረት መመዘኛ ስለነበር ከአዋቂ ወንዶች ብዙዎቹ የመምረጥ መብት አልነበራቸውም። ድርጅቱ የጠየቀው ሴቶች በወንዶቹ መመዘኛ ይምረጡ የሚል ነበርና፣ ጥያቄው ቢሳካ የባለንብረት ሚስት ስትመርጥ የልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷ በር ላይ ትቀር ነበር። ሲልቪያ በ1912 ወደ ምሥራቅ ለንደን፣ ቦው ወደሚባለው የወዛደር ሠፈር ገቡ። ቦው የመርከብ ወደብ ጭነት አውራጆች፣ የክብሪትና የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ቤታቸው ተቀምጠው በቁጥር የሚሰፉ ሴቶች ሠፈር ነበረ። በዚያ ያደራጁት የምሥራቅ ለንደን ፌዴሬሽን ወንድ ሠራተኞችንም ወደ ስብሰባው የሚያስገባ፣ ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር የሚተባበር ሆነ። በኅዳር 1913 በደብሊን ከሥራ ለታገዱት ሠራተኞች ድጋፍ በተጠራው ስብሰባ ላይ ከሠራተኛ መሪዎች ጋር መቅረባቸው የመጨረሻው ምክንያት ሆነ። በጥር 1914 ፓሪስ ተጠርተው በእናታቸውና በታላቅ እኅታቸው በክሪስታቤል ውሳኔ ከድርጅቱ ተባረሩ። የከበርቴ ሴቶች ገንዘብና ሞገስ ያስፈልገው የነበረ ድርጅት የልብስ ሰፊዎችን ጓደኝነት ሊሸከም አልቻለም።

ሲልቪያ ወደ ቦው ተመልሰው በመጋቢት 1914 የሴቶች ድሬድኖት የተባለ ጋዜጣ አወጡ፤ ድሬድኖት የዘመኑ ታላቅ የጦር መርከብ ስም ነው። በእነዚህ ዓመታት ደጋግመው ታሰሩ፣ ምግብና ውኃ እምቢ አሉ፣ በእስር ቤት በጎማ ቱቦ በኃይል ተመገቡ። በሰኔ 1914 ጠቅላይ ሚኒስትር አስክዊዝ የምሥራቅ ለንደን ሠራተኛ ሴቶችን መልእክተኞች አልቀበልም ሲል፣ በረኃብ አድማ የተዳከመ ሰውነታቸውን በሰው ተሸክመው ምክር ቤቱ በር ላይ ተኙ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከቀናት በኋላ መልእክተኞቹን ለመቀበል ተገደደ።

ነገር ግን የሕይወታቸው ዋነኛ ምዕራፍ ለእኛ የሚጀምረው በነሐሴ 1914 ነው። የኢምፔሪያሊስቶች ጦርነት እንደታወጀ በለንደን የምግብ ዋጋ ወዲያው ዘለለ። አቅም ያለው እየገዛ አከማቸ፤ ባለመደብሩ ዋጋ ጨመረ፤ የቅንጦት ልብስና ዕቃ የሚሠሩ ፋብሪካዎች በራቸውን ሲዘጉ ሴት ሠራተኞቻቸው ጎዳና ላይ ወደቁ። ባሎቻቸው የዘመቱባቸው እናቶች ድጎማቸው ዘግይቶ ልጆቻቸው ተራቡ። ፓርላማው ውስጥ ሊበራሉ፣ ወግ አጥባቂውና ሌበር ፓርቲ (የሠራተኛ ፓርቲ) በአገር ፍቅር ስም ተቃቅፈው የመደብ ሰላም ሲያውጁ፣ በቦው የዳቦው ዋጋ የታወጀውን ሰላም አላወቀውም ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ የምግብ ዋጋ በመነሻው ከነበረበት ከእጥፍ በላይ ደርሶ ነበር።

የሲልቪያና የጓደኞቻቸው መልስ ምጽዋት አልነበረም። በኦልድ ፎርድ መንገድ በሚገኘው የሴቶች አዳራሻቸው ያለ ትርፍ የሚሠራ ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ለአዋቂ ሁለት ፔኒ፣ ለሕፃን አንድ ፔኒ፤ የሌላት እናት ያለ ክፍያ ትበላለች። የሚከፍለውና የማይከፍለው በአንድ ገበታ ስለሚቀመጥ ማንም ተለይቶ አይታወቅም ነበር። የዚህ ትንሽ ዘዴ ትርጉም ትልቅ ነው፤ ድኻን ሰልፍ አስይዞ ከሚመጸውተው የከበርቴ በጎ አድራጎት ጋር ሲመዛዘን ልዩነቱ ግልጽ ነውና። ጎረቤት የነበረውን የመጠጥ ቤት ተከራይተው የሠራተኛ እናቶች የሕፃናት መዋያ አደረጉት፤ ወተትም ያከፋፍሉ ነበር።

ከዚህም ይበልጥ ልናተኩርበት የሚገባው የአሻንጉሊት ፋብሪካው ነው። ንግሥት ሜሪ ለሥራ ፈት ሴቶች ባስከፈተችው የልብስ ስፌት ቤት በሳምንት አሥር ሽልንግ ይከፈል ነበር። ሃያ ሽልንግ አንድ ፓውንድ መሆኑን እናስታውስ። ሲልቪያ ይህን የንግሥት ቸርነት ላብ መምጠጫ ብለው አጋለጡት፤ በጥቅምት 1914 ራሳቸው በከፈቱት ፋብሪካም ለሴቶቹ በሰዓት ከአምስት ፔኒ ወይም በሳምንት ከአንድ ፓውንድ ያላነሰ ከፈሉ። ይህ በሠፈሩ ያለ ልዩ ሙያ ለወንድ ሠራተኛ የሚከፈለው ዝቅተኛ ደመወዝ ነበር። የደመወዝ ወለል የሚባለው ነገር በእንግሊዝ ገና የአገር ሕግ ሳይሆን በአንዲት ጠባብ ፋብሪካ ውስጥ በተግባር ታየ።

ሆኖም አንድ ምግብ ቤትና አንድ ፋብሪካ የከተማን ዋጋ ሊያወርዱ እንደማይችሉ ሲልቪያ አልተሳቱም። ስለዚህ ፌዴሬሽናቸው መንግሥት የምግብን አቅርቦት በሙሉ በእጁ አድርጎ ለሕዝብ ጥቅም እንዲቆጣጠር፣ ሠራተኛ ሴቶችም በቁጥጥሩ እንዲሳተፉ ጠየቀ። መንግሥት ጥያቄውን ቢያጣጥለውም በ1917 የዳቦን ዋጋ በድጎማ ለማቆም፣ በ1918 ደግሞ ምግብ በራሽን ለማከፋፈል ተገዷል። በ1914 ከቦው የወጣውን ሐሳብ በ1918 ዋይትሆል አዋጅ አደረገው፤ በመካከሉ የነበሩት አራት ዓመታት ግን የነጋዴው ነበሩ።

የቀበሌ ማኅበራት ነባር አባላት እዚህ ላይ የራሳቸውን ታሪክ ማስታወሳቸው አይቀርም። ከ1967 ዓ.ም በኋላ በከተማችን የተቋቋሙት የቀበሌ ሱቆች ስኳሩን፣ ዘይቱንና ሳሙናውን ከመርካቶ ነጋዴ ዋጋ በታች ለተመዘገበ ቤተሰብ ያከፋፍሉ ነበር። ከጀርባቸው የቆመ መንግሥት ነበራቸውና የቦው ሴቶች ያጡትን አግኝተዋል። የቦው ሴቶች የነበራቸው፣ ማለትም በላተኛው ራሱ የሚቆጣጠረው መዝገብ፣ በብዙው ሱቅ ስላልነበረ ግን ዕቃው በፊት በር ለተሰለፈው፣ በጓሮ በር ደግሞ ለዚያው ለመርካቶ አትራፊ የወጣበት ጊዜ መኖሩን መካድ ለማንም አይጠቅምም። የሲልቪያ ጥያቄ ሁለቱንም ግማሾች የያዘ በመሆኑ ነው ዛሬም መነሣት የሚገባው።

ጦርነቱ የፓንክረስትን ቤተሰብ ለሁለት ከፈለው። እናትና እኅት የጦርነቱ ሰባኪዎች ሆኑ። ሲልቪያ ጦርነቱን ተቃወሙ፤ በ1915 ሴቶች ወደ ጥይት ፋብሪካ ሲጠሩ ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ ይከፈል ብለው ሎይድ ጆርጅን ተሟገቱት። ያገኙት መልስ የከበርቴ ፖለቲካ ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ ያሳያል፤ በቁጥር ለሚከፈል ሥራ እኩል ክፍያ ቃል ሲገባ፣ በሰዓት ለሚከፈለው ግን ምንም አልተገባም። ብዙዎቹ ሴቶች አዲስ በመሆናቸው የሚቀጠሩት በሰዓት ነበር። የጥቅምት አብዮት በቀረበበት በ1917 ክረምት ጋዜጣቸው ስሙን ወደ የሠራተኞች ድሬድኖት ለወጠ። በ1920 የለንደን ወደብ ጭነት አውራጆች ጆሊ ጆርጅ በተባለው መርከብ ላይ በሶቪየት ሩሲያ አንጻር የሚላክ መሣሪያ አንጭንም ሲሉ፣ በወደቡ ከቀሰቀሱት መካከል የሲልቪያ ድርጅት ሰዎች ነበሩበት። በዚያው ዓመት የጃማይካው ባለቅኔ ክሎድ ማኬይ በጋዜጣቸው ዝግጅት ክፍል ይሠራ ነበር፤ ጥቁር ጋዜጠኛ በእንግሊዝ ጋዜጣ መሥራት ብርቅ በሆነበት ዘመን መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

በ1920 የተነሣውን የፓርቲ ክርክር ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ሲልቪያ ኮሚኒስቶች በፓርላማ ምርጫ መወዳደርና ወደ ሌበር ፓርቲ መጠጋት የለባቸውም ብለው አቋም ያዙ። ሌኒን ስለግራ ክንፍ ኮሚኒዝም የልጅነት በሽታ በጻፈው መጽሐፍ እርሳቸውንና የስኮትላንዱን ዊልያም ጋላከርን ስማቸውን ጠርቶ ነቀፈ፤ ሚሊዮን ሠራተኞች ተስፋ የጣሉበትን ፓርቲ ከውጭ ሆኖ በመርገም ሠራተኛውን ከተስፋው ማላቀቅ አይቻልም የሚል ነበር የክርክሩ ፍሬ። ሲልቪያ በድብቅ ሞስኮ ድረስ ሄደው በሦስተኛው ኢንተርናሲዮናል ሁለተኛ ጉባኤ ተከራከሩ። ከተመለሱ በኋላ በጋዜጣቸው በወጡ ጽሑፎች ምክንያት በሕዝብ ቀስቃሽነት ተከስሰው የስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው። ከእስር ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ፣ በመስከረም 1921፣ ጋዜጣቸውን ለፓርቲው ቁጥጥር አላስረክብም በማለታቸው ከእንግሊዝ ኮሚኒስት ፓርቲ ተባረሩ። እንደኛ አስተያየት በታክቲኩ ጉዳይ ሌኒን ትክክል ነበር። በጋዜጣው ጉዳይ ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። የራሱን ፓርቲ የሚተች ጋዜጣ መኖር አለበት የለበትም የሚለው ጥያቄ በስንት አገር፣ በእኛም አገር ጭምር፣ በምን ያህል ዋጋ እንደተመለሰ ዛሬ እናውቃለን።

የሚገርመው፣ ሲልቪያ ከፓርቲ በተባረሩበት በዚያው ወር በገዛ ሠፈራቸው ሌላ ታሪክ እየተሠራ ነበር። ቦው የሚገኝበት የፖፕላር ወረዳ ምክር ቤት በሌበር ፓርቲ ሰዎች እጅ ነበር። ምክር ቤቱ በ1920 ለሠራተኞቹ ለወንዱም ለሴቱም እኩል በሳምንት አራት ፓውንድ የደመወዝ ወለል ወሰነ። በ1921 ደግሞ ድኻው ወረዳ ከሀብታሙ እኩል እንዲገብር የሚያደርገውን ሥርዓት በመቃወም ለለንደን አስተዳደር የሚሰጠውን ግብር አልሰበስብም አለ። ሠላሳ የምክር ቤት አባላት ታሰሩ፤ ከእነርሱ አንዷ ቀደም ሲል የሲልቪያ ፌዴሬሽን ጸሐፊ የነበረችው ሚኒ ላንስበሪ ስትሆን፣ ከተፈታች ከጥቂት ወራት በኋላ በጥር 1922 በወጣትነቷ ሞተች። በግብሩ ጉዳይ መንግሥት ተረታ። በደመወዙ ግን ከበርቴው ሌላ መሣሪያ ነበረው። ከጦርነቱ በኋላ ዋጋ መውረድ ሲጀምር የመንግሥት ኦዲተር የኑሮ ውድነቱ ስለቀነሰ አራት ፓውንድ ከልክ ያለፈ ነው ብሎ አባላቱን ዕዳ አስከፋይ አደረጋቸው፤ በ1925 የሎርዶች ምክር ቤት ዳኞች ምክር ቤቱን በሶሻሊስት ቸርነትና በሴቶች እኩልነት ስሜት ተነድቷል ብለው ወቅሰው ለኦዲተሩ ፈረዱ። ዋጋ ሲንር ደመወዝ እንዳይከተለው የተከራከሩት ክፍሎች ዋጋ ሲወርድ ደመወዝ ወዲያው እንዲከተል በሕግ ማስገደዳቸውን ሠራተኛው አንባቢያችን ያስተውል።

ፖፕላር ሲልቪያ ሌበር ፓርቲን በሙሉ መናቃቸው ስሕተት እንደነበረ ያሳያል። በሌላ በኩል የዚያው ፓርቲ ጠቅላይ ሚኒስትር ማክዶናልድ በ1931 ከወግ አጥባቂዎች ጋር ጥምር መንግሥት አቁሞ የሥራ አጡን ድጎማ በመቶ አሥር ቆርጧል። የዋጋ ንረት በ1975 በመቶ ሃያ አራት ከደረሰ በኋላም የሌበር መንግሥት በ1978 የደመወዝ ጭማሪ ከመቶ አምስት እንዳይበልጥ ቢደነግግ፣ ከነጂ እስከ መቃብር ቆፋሪ በዚያ ክረምት ሥራ አቆመ፤ በግንቦት 1979 ማርጋሬት ታቸር ሥልጣን ያዘች። ሲልቪያ በ1920 የፈሩት ይህን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲልቪያ ከፓርቲ ውጭ ሆነው ኖሩ። የሕይወት ጓዳቸው ኢጣሊያዊው ስደተኛ ሲልቪዮ ኮርዮ ነበሩ፤ ልጃቸው ሪቻርድ በ1927 ተወለደ። ፋሺዝምን ገና ከጥንሥሱ ያወቁት ሲልቪያ፣ የሙሶሊኒ ጦር ኢትዮጵያን ሲወርር የቆየ ትግላቸውን ወደ አዲስ ግንባር አዞሩት። ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣቸው የመጀመሪያ ዕትም ቀን የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባበት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ነው። ጋዜጣው ሃያ ዓመት ቆየ።

መርካቶ ዛሬ ባለበት ሥፍራ የቆመውም በዚያ የወረራ ዘመን መሆኑን ለአዲስ ከተማ ነዋሪ ማስረዳት አያሻም። ፋሺስቶች ከተማዋን በዘር ከፍለው ሲነድፉ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው አወጡት፤ ስሙ ራሱ የኢጣሊያ ቃል ነው። ፋሺስቶች ከተባረሩ በኋላ ደግሞ እንግሊዞች በአገራችን የበላይ ጠባቂ ለመሆን ሞከሩ። የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በገበያችን ይዞር ነበር፤ የራሳችን አዲስ ገንዘብ የወጣው በ1937 ዓ.ም ነው። ሲልቪያ በዚህ ጊዜ ብዕራቸውን በገዛ መንግሥታቸው ላይ አዞሩ፤ በኦጋዴንና በኤርትራ ጉዳይ፣ እንግሊዞችም በምጽዋ ወደብ ባፈረሱት ንብረት ጉዳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴራቸውን እስኪሰለቻቸው ድረስ ሞገቱ። በልዕልት ፀሐይ ስም ለተሠራው ሆስፒታልም ገንዘብ አሰባሰቡ።

በ1948 ዓ.ም ክረምት፣ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ከልጃቸው ጋር ኑሯቸውን በአዲስ አበባ አደረጉ። ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለውን መጽሔት ያዘጋጁ ነበር። እዚህ ላይ ተራማጅ አንባቢ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ የንግሥት ሜሪን ቸርነት ያጋለጡት ሴት የንጉሠ ነገሥቱ እንግዳ ሆነው እንዴት ኖሩ? መጽሔታቸው ስለትምህርት ቤት፣ ስለሆስፒታል፣ ስለታሪክና ስለቅርስ ብዙ ጽፏል፤ በባለመሬትና በጭሰኛ፣ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ስላለው ነገር ግን የቦውን ቃና በአዲስ አበባ አናገኝም። በፋሺዝም ላይ የቆመን አገር ከአገሪቱ ገዥ መደብ ለይተው አላዩም። ይህ የድካማቸውን ዋጋ አያጠፋም፤ ጉድለቱን ግን ሳንጠራው ብናልፍ እርሳቸው ራሳቸው ለጋዜጣ ነፃነት የከፈሉትን ማቃለል ይሆናል።

በ1953 ዓ.ም በመስቀል ዕለት በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ፤ በመንግሥት ሥርዓተ ቀብር ከአርበኞች ጋር ተቀበሩ። የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተደረገው ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ለኢትዮጵያ ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀትን መብት በሕግ ያወቀው ድንጋጌ የወጣው ከሞቱ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነበር። በየካቲት 1966 ዓ.ም የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች መኪናቸውን አቆሙ፤ በዚያው ወር 28 ቀን የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጀመረ፤ አራት ቀን ቆየ። ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንዱ የደመወዝ ወለል ነው።

በእንግሊዝ በመላ አገሪቱ የጸና የደመወዝ ወለል በሕግ ሥራ ላይ የዋለው በ1999 ነው፤ በሰዓት ሦስት ፓውንድ ከስድሳ ፔኒ፤ ሕጉን ያወጣውም ሲልቪያ ያላመኑት የሌበር መንግሥት ነበር። በአገራችን በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ተወካዮች የሚገኙበት፣ የኢኮኖሚውን ዕድገትና የሥራ ገበያውን ሁኔታ እያጠና የደመወዝን ወለል በየጊዜው የሚያሻሽል የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር፣ ሥልጣኑና ኃላፊነቱም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ይደነግጋል።